ክዳኑ ሳይነሳ «ተስተካክሏል» ያለው ሳጥን

ጥር 4

ያ ደማቁ ኮከብ ነው ወይስ አውሮፕላን?

ዛሬም ተጠየቅኩ። ቴሌስኮፕ እንደምንሸጥ ያወቀ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ባስ ውስጥም፣ ታክሲ ውስጥም፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፌን ከፍቼም! «ትንሽ ጠብቀህ እየው፣ ከሄደ አውሮፕላን ነው» እላለሁ። ሰው ግን ለሰማይ ትዕግስት የለውም።

ለዚህ አይደል የእኛ ሳጥን። ኮምፒውተር ያለው ቴሌስኮፕ ሲበራ የሰማይ ካርታ በሆዱ ይዟል፤ ራሱ ወዴት ዞሮ እንደቆመ ግን አያውቅም። ባለቤቱ ሁለት ኮከብ በስማቸው ፈልጎ ሊያሳየው ይገባል። ጀማሪ ስማቸውን የት ያውቅና? የተሳሳተውን ያሳየዋል፣ ጨረቃን ሲጠብቅ የጎረቤት ጣሪያ ይመጣበታል፣ በሳምንቱ ዕቃው ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ሳጥናችን የቴሌስኮፑ ቱቦ ላይ ይታሰርና በትንሽ ካሜራው ሰማዩን ፎቶ ያነሳል፤ ኮከቦቹን ከካርታው ጋር ያስተያይና «እዚህ ነኝ» ይላል። በቃ። ሰው እጁን አያስገባም።

ችግሩ... ብዙ ጊዜ «አላወቅኩም» ይላል። ቀጭን ደመና ካለ አላወቅኩም። የመንገድ መብራት ካለ አላወቅኩም። አለቃዬ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ደንበኛ 'አላወቅኩም' ለመስማት ሳጥን አይገዛም። እሱንማ ራሱም ያውቀዋል!»

«እሞክራለሁ ኢንጂነር።»

«አትሞክሪ። ጨርሺው።»

የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ይህን ከሠራሁ እቀራለሁ። ካልሠራሁስ? አላስበውም።

ጥር 7

ሠራ!!

ሳጥኑ ከካርታው ጋር ቢያንስ አሥር ኮከብ ካልገጠመለት አይቀበልም ነበር። አራት ይበቃል አልኩት። አንድ መስመር ነው የቀየርኩት፣ አንዲት መስመር! አመሻሽ ላይ ሱቁ ጣሪያ ላይ ወጥተን ሞከርነው። በቀጭን ደመና፣ ተስተካክሏል። መብራቱ ሥር፣ ተስተካክሏል። ከዚያ በፊት፣ ጀንበር ገና ሳትገባ፣ ለጨዋታ ብለን ስናበራው እንኳ «ተስተካክሏል» ብሎ አረፈው። ያኔ የዓይን መመልከቻው ውስጥ ሰማያዊ ብቻ ነው ያየሁት። የሌንሱ ትኩረት አልተስተካከለም ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አለቃዬ ጀርባዬን መታኝ። «አንበሳ ነሽ!» ከእሱ አፍ ይህ ሲወጣ የሰማ ሰው የለም።

ቤት ስገባ ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። ከምትሠራበት ፋርማሲ መመለሷ ነበር፣ ጫማዋን እያወለቀች...

«እና ኮከብ ቆጣሪ ሆንሽ በይኛ። ባል መቼ እንደማገኝ እይልኝ።»

«በዚህ ወር የለም። ደመና ነው።»

ትራሱን ወረወረችብኝ።

ጥር 12

ስድስት ሳጥን ለከተማው አማተር የሰማይ ተመልካቾች ማኅበር አባላት ሰጠን፣ እንዲሞክሩልን።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ራሳቸው መጥተው ወሰዱ፤ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። አጎንብሰው ቱቦው ጎን ባለችው ትንሽ መፈለጊያ መነጽር ኮከብ ላይ ማነጣጠር ካቃታቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቴሌስኮፓቸው ሳሎን ቆሞ ኮት መስቀያ ሆኗል አሉኝ።

«ቀኙ ጡረታ ወጥቷል፤ ግራው ግን ገና ደመወዝተኛ ነው። ይህ ሳጥንሽ ሥራ ይስጠው!»

ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ። በመስኮት እስኪጠፉ አየኋቸው። ደስ አይልም እንዴ? ለዚህ አይደል የተማርኩት?

ጥር 15

ቅዳሜ ሳምንት ትልቅ ገዢ ይመጣል። አለቃዬ የቅጥር ውሌን ከዚያ ማግሥት እፈርማለሁ ብሏል። ለማንም አልናገርም። (ለእህቴ ነገርኳት።)

ጥር 19

መምህሩ ደወሉ። ሳጥኑ አንዴም «አላወቅኩም» አላለባቸውም። እንደ ልጅ ነው የሚስቁት። ዓርብ አመሻሽ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ቬነስን ለጎረቤቶቻቸው ሊያሳዩ ነው።

«ከፀሐይ ፊት ኮከብ አሳያችኋለሁ ብዬ ፎክሬያለሁ። እንዳታሳፍሪኝ!»

«አላሳፍርዎትም መምህር።»

ጥር 21



ከሰዓት ለቅዳሜው ገዢ የሚታየውን ሳጥን እያዘጋጀሁ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ ኮርኒስ ሥር። ገመዱ መሥራቱን ለማየት ብቻ አበራሁት።

«ተስተካክሏል» አለ።

ሳቅኩ። ከዚያ አየሁት፦ የካሜራው ክዳን አልተነሳም። ጥቁር ፕላስቲክ እያየ ነው «እዚህ ነኝ» የሚለኝ።

አጥፍቼ አበራሁት። ተስተካክሏል። ሌላ ሳጥን አመጣሁ፣ ከነክዳኑ። ተስተካክሏል። ሁለቱ ሌላ ሌላ የሰማይ ክፍል ነው የሚጠሩት፤ ሁለቱም ግን እርግጠኛ ናቸው።

ፎቶውን ከፍቼ አየሁት። እያንዳንዱ ካሜራ ብርሃን ሳይነካቸው ራሳቸው የሚያበሩ በሽተኛ ነጥቦች አሉት። ጥቂት ናቸው። ግን አራት ይበቃል ብዬዋለሁ! ነጥቦቹን ኮከብ ናቸው ብሎ ይቆጥራል፤ በካርታው ላይ አራት የሚመስሏቸው ደግሞ የትም አይጠፉም። ሲጨልም እውነተኞቹ ኮከቦች ስለሚበዙ ያሸንፋሉ፣ ስለዚህ ልክ ይመጣል። ቀን ላይ ግን... ቀን ላይ ያሉት በሽተኞቹ ብቻ ናቸው።

ከዚያ መከላከያው ትዝ አለኝ። ሳጥኑ ቱቦውን ወደ ፀሐይ እንዳያዞር መከላከያ አለው። ፀሐይ የት እንዳለች ያሰላል፣ ያን ቦታ ይሸሻል። ግን የሚሸሸው ራሱ ያለበትን ቦታ ይዞ አይደል? ራሱ የት እንዳለ የተሳሳተ ሳጥን ከምኑ ነው የሚሸሸው?

ቬነስ። ዓርብ። ፀሐይ ሳትገባ። የመምህሩ አንድ ዓይን።

ለአለቃዬ ደወልኩ። ከገዢው ጋር ምሳ ላይ ነበር።

«ክዳን ዘግቶ ሰማይ የሚያይ ማን አለ?»

«ኢንጂነር፣ ቀን ላይም ያው ነው። ሳጥኑ ይዋሻል።»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ቅዳሜ ይለፍና እናየዋለን።»

«መምህሩ ነገ...»

«ንገሪያቸዋ። ለእሳቸው ብቻ! የማኅበሩ የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንዲት ቃል እንዳትጽፊ። ገዢው እዚያ አባል ነው።»

መምህሩ ስልክ ዝግ ነው። አሥር ጊዜ ደወልኩ። ዝግ ነው። ቤታቸውን አላውቀውም።

ለእሳቸው ብቻ ብነግርስ? ሌሎቹ አምስቱስ? እነሱ ሁለት ሁለት ዓይን ስላላቸው አንዱ ቢጠፋ ግድ የለም?

ጥር 22

ከየት ልጀምር።

ጠዋት አሁንም ዝግ። እህቴ ቁርስ ላይ አየችኝ። «ምነው ፊትሽ?» ነገርኳት። ማኘክ አቆመች።

«ፋርማሲ ውስጥ የተሳሳተ መድኃኒት ወጥቷል ብትባይ፣ እስከ ቅዳሜ ትጠብቂያለሽ?»

«ሥራዬን አጣለሁ።»

«አውቃለሁ። የጠየቅኩሽ ግን እሱን አልነበረም።»

ባስ ውስጥ ሆኜ ማኅበሩ መድረክ ላይ ጻፍኩ። «ሳጥኑን ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ፈጽሞ እንዳትጠቀሙ። የት እንዳለ ሳያውቅ 'ተስተካክሏል' ይላል። ወደ ፀሐይ ሊዞር ይችላል። የቀየርኩት እኔ ነኝ።» ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ላክሁት። ስልኬ ወዲያው ጮኸ፤ አለቃዬ ነው። አላነሳሁም።

እስከ ምሳ አምስቱ መለሱ። አንዱ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ ትላንት ሲጫወትበት ነበር» አለ። መምህሩ ግን ምንም። ከአባላቱ አንዱ ቤታቸውን ነገረኝ። ከተማው ማዶ ነው፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ጣሪያው ላይ ነው የሚያዩት። ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ተዘጋጋ። ሾፌሩ «ምን አስቸኮለሽ፣ ፀሐይዋ አታመልጥ» ብሎ ይቀልዳል። እኔ ደግሞ ቶሎ ባመለጠች እያልኩ ነው።

አሳንሰሩ አይሠራም። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

የጣሪያውን በር ስከፍት ስምንት ያህል ጎረቤት በሰልፍ ቆሟል። መምህሩ ከፊት፣ ኮፍያቸውን ገልብጠው አድርገዋል። ሞተሩ እያጉረመረመ ቱቦውን ያዞራል። ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ አየሁ። የቱቦው ጥላ መጀመሪያ ረጅም ነበር። እያጠረ መጣ... እያጠረ... ክብ ሆነ። የቱቦ ጥላ ክብ የሚሆነው አፉ ወደ ፀሐይ ቀጥ ሲል ብቻ ነው።

ሞተሩ ቆመ። መምህሩ ጎንበስ አሉ።

«መምህር፣ ዓይንዎን!!»

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በእሳቸውና በመመልከቻው መካከል እጄን ሰደድኩ። መዳፌ ላይ እንደ ጋለ ምስማር... ጮህኩ። በሌላው እጄ ቱቦውን ገፋሁት።

ከሰልፉ አንዲት ሴትዮ «ምን ዓይነቷ ባለጌ ናት!» አለች።

መምህሩ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ሰላምታ አይቀድምም?»

መዳፌን አሳየኋቸው። መሃሉ ላይ ቀይ ክብ፣ ጠርዙ ነጣ ያለ። አዩት። በግራው ዓይናቸው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኮከቦቹን፣ አሥሩን፣ አራቱን፣ ክዳኑን።

«ስልኬ ውሃ ውስጥ ወድቆ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያም፦ «ሳስተምር የሚያስፈራኝ ያልገባው ተማሪ አልነበረም። ሳይገባው 'ገባኝ' ብሎ ቤተ ሙከራ የሚገባው ነበር።»

አለቀስኩ። ሴትዮዋ መሐረብ ሰጠችኝ።

ጥር 23

እህቴ ቅባት ቀብታ ጠቀለለችልኝ። «ሁለተኛ በእጅሽ ፀሐይ እንዳትይዢ።»

ገዢው አልመጣም። አለቃዬ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት።

«በአደባባይ አዋረድሽኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ብትነግሪኝ እኮ...»

«ነግሬዎት ነበር ኢንጂነር።»

የተጠቀለለ እጄን አየ። «ውል የለም» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ስድስቱንም ሳጥን ሰብስቢ። አንቺ ያበላሸሽውን ሌላ ሰው አያስተካክለውም። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ተባረርኩ ወይስ አልተባረርኩም? እህቴም አላወቀችውም።

ጥር 29

በአንድ እጅ መጻፍ ያደክማል። ሥራው ግን እየሄደ ነው። ሳጥኑ አሁን መጀመሪያ በጨለማ ፎቶ አንስቶ በሽተኛ ነጥቦቹን ይለይና ከቁጥር ያወጣቸዋል። አሥሩን መልሻለሁ። ጨመርኩበትም፦ ቱቦው በትንሹ ከዞረ በኋላ ሁለተኛ ፎቶ ያነሳል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሞተሩ ይቆማል። ጥሩ ሰማይ ላይ ፈጣን ነው። መጥፎ ሰማይ ላይ አላወቅኩም ይላል። ደጋግሞ ይላል።

አለቃዬ ሲያየው ተነፈሰ። «ያው ወደነበርንበት ተመለስን።»

«አልተመለስንም። አሁን ለምን እንዳላወቀ ይናገራል፤ ደመና ነው፣ መብራት ነው፣ ቀን ነው።»

«'ቀን ነው' ይላል?»

«ይላል።»

ሳቁን ያዘው። ግን አየሁት።

የካቲት 3

ዛሬ መምህሩ ሱቅ መጡ፣ አዲስ ስልክ ይዘው። አለቃዬ ሊያስቀምጣቸው ወንበር ሲስብ፣ «ይቅርታ ልስማ ብዬ አልመጣሁም፣ ሳጥኔን ልወስድ ነው» አሉት። ፊቱ ቀላ።

«ገና አልተፈተነም መምህር» አልኩ። «ጣሪያችን ላይ የሠራ ሌላ ጣሪያ ላይ ይሠራ እንደሆን አላውቅም።»

ይህን ስል አለቃዬ አጠገቤ ነበር። ከአንድ ወር በፊት ለደንበኛ 'አላውቅም' ለማለት አፌን የምከፍት ሰው አልነበርኩም። የሚቆጣ መስሎኝ ጠበቅኩ። እሱ ግን የሙከራ ጊዜሽን በአንድ ወር አራዝሜዋለሁ አለ፤ በመምህሩ ፊት፣ ወደ እኔ ሳያይ። ውል አይደለም። ግን ነገ ጠዋት የምገባበት በር አለኝ።

ከዚያ ሦስታችን ቁጭ ብለን ማኅበሩ መድረክ ላይ የሚለጠፈውን ጻፍን። ማለት፣ እኔ ጻፍኩ፣ እነሱ ተከራከሩ። ከመላኬ በፊት እዚህ ገለበጥኩት፦

«ሐሙስ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ሱቃችን ጣሪያ ላይ ሳጥኑን ልናሳስት ነው። የእጅ ባትሪ አምጡ፣ የቆሸሸ ሌንስ አምጡ፣ የሚወዛወዝ እግር ያለው ቴሌስኮፕ ካላችሁ እሱን አምጡ። በውሸት 'ተስተካክሏል' ያስባለ ሰው እንዴት እንዳደረገው ይንገረን፤ አንከፋም፣ እናመሰግናለን። ራቅ ያላችሁ ደግሞ ሰማያችሁ ምን እንደሚመስል ጻፉልን። ማን ይመጣል? መልሱልን።»