ቀይዋን መኪና ባርከው ለሸጡልን ለጋሽ ወንድይራድ

ስቶክሆልም፣ ኅዳር 1995 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ ጋሽ ወንድይራድ፣
የጉባኤያችን የሽማግሎች ሰብሳቢ፣ መኪና ለሚፈልግ ሁሉ አማካሪና ረዳት

የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ እትዬ ሸዋሉል፣ ሁዲንጌ ያለው ጋራዥዎና በውስጡ ገዢ የሚጠብቁት መኪኖች ሁሉ በጤና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። በተለይ እኔ፣ ከነመቀመጫዬ አስፋልት ላይ ሳልወርድ በመቅረቴ፣ ጤናዬ ይጠበቅ ከነበረው በላይ መልካም ነው።

ምናልባት ማን እንደሆንኩ አያስታውሱ ይሆናል። የወይዘሮ ባዩሽ ልጅ፣ የናቲ ታናሽ እህት ሔዋን ነኝ፤ እሑድ እሑድ ከኮት መስቀያው አጠገብ፣ በመጨረሻው ወንበር ላይ የምቀመጠዋ። ድምፄን ሰምተው አያውቁም። አንድ ጊዜ እኔው ፊት ቆመው እናቴን ይቺ ልጅ ዲዳ ናት እንዴ ብለው ጠይቀዋት ነበር፤ ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ዲዳ አይደለሁም። የሰው ፊት ማየት ስለሚከብደኝ ወለል ወለሉን ነው የማየው። የጉባኤውን ሰው አብዛኛውን ከፊቱ ይልቅ በጫማው ነው የማውቀው፤ እርስዎንም ጭምር።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከመዘምራን የልምምድ ፕሮግራም ጎን የለጠፍኩት ደፋር ስለሆንኩ ሳይሆን ፊትዎ ቆሜ መናገር ስለማልችል ነው። ደግሞም የወንድሜን ስም በጉባኤ ፊት ያነሱት እርስዎ ስለሆኑ፣ መልሱም በዚያው ጉባኤ ፊት ቢነበብ እንደማይቀየሙ አምናለሁ።

ነገሩን ላልሰማ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ወንድሜ ናቲ ፍሌሚንግስቤሪ ባለው ሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ ዝቅ ያለች ስፖርት መኪና ይመኝ ነበር፤ ባለፈው ነሐሴ በዕድሜ የምትበልጠውን አንዲት ቀይ መኪና ከእርስዎ ገዛ። በዚህ ወር የመኪናዋ ወለል ተቀደደ። ናቲ እርስዎ ዘንድ መጥቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀዎት፤ እርስዎም ከመዘምራን አገልግሎት አገዱት። በመጪው እሑድ ደግሞ በጉባኤ ፊት ቆሞ፣ በፍጥነት አነዳድ ንብረት በማጥፋቱና ሽማግሌ በመድፈሩ ይቅርታ እንዲጠይቅ ወስነዋል። ከታገደ ወዲህ ናቲ ቤት ውስጥ እንኳ አያንጎራጉርም። እቃ ሲያጥብም ሆነ ሲላጭ ዝም ነው። እናቴ ይቅርታ ብሎ ይገላገል እያለች ታለቅሳለች። እሱ ያላደረግሁትን አድርጌአለሁ አልልም ብሎ፣ ይህን ጉባኤ ለዘላለም ጥሎ ሊወጣ ተነሥቷል።

እንግዲህ እሑድ ሳይደርስ፣ ያረጀ ስፖርት መኪና ለመግዛት ላሰቡ ወጣቶች ይጠቅም ዘንድ፣ ከእርስዎ የተማርነውን በተራ አስቀምጣለሁ። የትምህርቱ ምስጋና በሙሉ የእርስዎ ነው።

አንደኛ፣ መኪና ለማየት የሄደ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ኮፈኑን በእጁ ይንካ። እኛ እርስዎ ግቢ ስንደርስ የቀይዋ ሞተር ሞቆ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚሞቅ ሁሉ መኪናዋንም ስላሞቁልን ከልብ እናመሰግናለን። ቀዝቅዛ ስትነሣ ምን እንደምትመስል ያየነው በማግስቱ ጠዋት ኪስታ፣ ሰፈራችን የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ሰማያዊው ጭስ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ፣ ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች ቤት ተቃጠለ ብለው በነጠላ ጫማ ደረጃ ወርደዋል።

ሁለተኛ፣ ማግኔት ይዞ መሄድ ነው። ውድ ነገር አያስፈልግም። እኛ ፍሪጅ ላይ የምትለጠፍ የቀይ ፈረስ ቅርጽ ያላት ማግኔት አለችን። መኪናዋን ከገዛን በኋላ፣ ማንም ሳያየኝ ፈረሷን ይዤ ወርጄ በቀይዋ ዙሪያ አስኬድኳት። ጣሪያው ላይ ቆመች። በሩ ላይ ቆመች። የኋላው ፓራፋንጎ፣ የጎማው መከለያ፣ ላይ ስትደርስ ወደቀች፤ ባነሣኋት ቁጥር ወደቀች። ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነበርና። የእርስዎ እጅ እንዴት ያለ ለስላሳ ሥራ እንደሚሠራ ያኔ ነው የገባኝ፤ ስፌቱ በዓይን አይለይም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ መኪናን ማንሻ ላይ ሰቅሎ ከሥር ማየት ነው። ናቲ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የሥራ ባልደረባው ቶሌሳ አጥብቆ መክሮት ስለነበር፣ በአቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ ወስደን ከሥሯ እንያት ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠየቀዎት። እርስዎ አልተቆጡም፤ አዘኑ እንጂ። ወደ እናቴ ዞረው፣ ስዊድን የገባን ሰሞን ቤት ያፈላለጉልን፣ የአባቴንም ቀብር ያስፈጸሙልን እርስዎ እንደሆኑ በለሰለሰ ድምፅ አስታወሷት። ከዚያም፣ «ባዩሽ፣ በወንድማማች መካከል ደግሞ ምርመራ አለ እንዴ?» አሉ።

እናቴ የምትገባበት ጠፋት። በእኛ ዘንድ ሙታናችንን የቀበረልንን ሰው መጠራጠር ከሙታኑ ጋር መጣላት ነው፤ ይህን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ናቲን ገላመጠችው፤ ነገሩም አለቀ። እርስዎም እጅዎን ኮፈኑ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ስለ መንገዱ ጸለዩ፣ ስለ ፍሬኑ ጸለዩ፣ ለጎማዎቹ ሳይቀር ለእያንዳንዳቸው ጸለዩ። ስለ ወለሉ ብቻ አንዳች ነገር አላነሡም።

እናቴና ናቲ ዓይናቸውን ጨፍነው አሜን ይሉ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ መሬት መሬት እያየሁ ስለነበር፣ ከበሩ በታች ያለው ጠርዝ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሲያብረቀርቅ አየሁ። በጣቴ ነካሁት፤ ተጣበቀብኝ፤ ከዚያ በኋላም በሳሙና ታጥቤ አልለቀቀኝም። የእናቴን እጅጌ ጎትቼ በስዊድንኛ ሹክ ስላት፣ ጸሎት ላይ ነን ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ወጣቶች ሆይ፣ ጸሎት መልካም ነው። ነገር ግን መኪናዋ ማንሻ ላይ ተሰቅላ ሳለችም መጸለይ ይቻላል።

ስለ መለዋወጫ ዕቃም ልጽፍ ነበር። ሆኖም እርስዎ ይገኛል ብለው ቃል የገቡልን የፍሪሲዮን ገመድ እስካሁን እየተገኘ ስለሆነ፣ እንዳላቋርጠው ብዬ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። የመጀመሪያው በረዶ ወርዶ መንገዱ ላይ ጨው ተበትኗል። ከመዘምራን ልምምድ ወደ ቤት እየተመለስን ነበር፤ ናቲ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ጉባኤው ስለ ፍጥነት ስለሰማ፣ ኤሲንጌ ድልድይ ላይ አውቶቡስ ሳይቀር እየቀደመን እንደነበር መመስከር እወዳለሁ። መጀመሪያ ጫማዬ ውስጥ ውኃ ገባ። ቀጥሎ መቀመጫዬ ወደ ኋላና ወደ ጎን ዘመመ፤ ቀኝ እግሬ ምንጣፉን ይዞ ወደ ታች ሄደ። ወለል እያየሁ ነው ያደግሁት ብዬዎታለሁ፤ ወለል ሲሮጥ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ናቲ በአንድ እጁ መሪውን፣ በአንድ እጁ እኔን ይዞ ዳር አወጣን። መኪናዋ ከቆመች በኋላም ክንዴን አልለቀቀኝም።

በጎታች መኪና ወስደናት ቤሲክትኒንግ የሚሉትን የመኪና ምርመራ ስታደርግ፣ መርማሪው ጠመንጃ መፍቻ የሚባለውን መሣሪያ ወደ ወለሉ ሰደደው፤ እስከ እጀታው ገባ። ይህ መቀመጫ የተያዘው በምንጣፍ ነው አለን። ዝገቱ የብዙ ክረምት ሥራ እንጂ የአንድ መኸር አለመሆኑን፣ ላዩም በቅርቡ ሬንጅ ተቀብቶ መሸፈኑን ነግሮን፣ መኪናዋ መንገድ ላይ እንዳትወጣ ከለከለ። ናቲ መኪናዋን ትቶ እኔን ብቻ አየኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ኮት መስቀያው ጋ ሲያገኝዎት እኔ እዚያው ነበርኩ። የከፈለውን እንዲመልሱለት አልጠየቀዎትም። «ጋሼ፣ እዚያ ላይ የተቀመጠችው እህቴ ነበረች። ያውቁ ነበር?» ነው ያለዎት። እርስዎ፣ «ስሰጥህ ደህና ነበረች፤ ወጣትነትህ ነው የሰበራት» አሉት። እሱም ድምፁን ሳያነሣ፣ «ያውቁ ነበር ወይ ነው ያልኩዎት» ብሎ ደገመው። ሽማግሌ ደፈረ የተባለው ይህ መድገሙ ነው። ሰው መልስ ሲያጣ ጥያቄውን መድገሙ ኃጢአት መሆኑን ስላሳወቁን፣ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

የምለምንዎት ጥቂት ነው። ወይ እገዳውን ያንሱ፣ ወይ ጥያቄውን ይመልሱ። ሁለቱም የሚከብድዎ ከሆነ፣ እሑድ ናቲን ወደ ፊት ሲጠሩት እኔም አብሬው እወጣለሁ። መናገር አልችል ይሆናል። ቢሆንም ከጎኑ እቆማለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ቀና ብዬ ፊትዎን አያለሁ።

ለእናቴ ቤት ላፈላለጉበት፣ አባቴንም ለቀበሩበት ደግነትዎ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እኔንም ለመቅበር ላሳዩት ዝግጁነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በትሕትና፣
ከኮት መስቀያው አጠገብ የምትቀመጠው ታናሽዎ
ሔዋን

ድኅረ ጽሑፍ፦ መኪናዋን ባረኩልን ዕለት ያደረጉት ቡናማው የእሑድ ጫማዎ ነበር። በቀኙ ጫማ ጠርዝ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ እኔ ጣት ላይ የቀረው ዓይነት ጥቁር ሬንጅ ነበረበት። ባለፈው እሑድም፣ ስለ ወጣቶች ጥፋት ቆመው ሲያስተምሩ፣ እዚያው ነበረ። እኔን አልለቅም ያለኝ በሳሙና ነው፤ በቤንዚን ይለቃል ይባላል። በመጪው እሑድ ጫማዎ ጸድቶ ወይም በሌላ ተተክቶ ካየን፣ ናቲ የጠየቀዎትን እንደመለሱለት እንቆጥራለን። ያንኑ ጫማ እንደነበረ አድርገው ከመጡ ደግሞ፣ ይህን ያነበበ ሁሉ ለአንድ ቀን እንደ እኔ ወለል ወለሉን ቢያይ አይቀየሙ።