ምድጃ ውስጥ ስለተፈተነው ግራፋይቴ

ለተከበሩ አቶ የሺዋስ
የደን ውጤት ኬላ ኃላፊ
መተማ ዮሐንስ

ክቡር ሆይ፣ የቆላው ሐሩርና የኅዳር ወባ ሳይደፍርዎ፣ ወንበርዎም ከነጥላው እንደጸና ይህ ደብዳቤ ያግኝዎ። ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚሻገር መንገደኛ ሁሉ ሻንጣው ሲበረበር በሆዱ የሚጠይቀውን እኔ በአደባባይ ልጠይቅዎ፤ ዕቃችንን ከያዙብን በኋላ ምን ያደርጉታል?

ማክሰኞ ዕለት የወሰዱብኝ መዳፍ የማይሞላ ጥቁር ክብ ነገር ግራፋይት ይባላል። ካርቱም ባለ ቤተ ሙከራ በሌዘር እንዲመታልኝ ወረፋ አግኝቼ ነበር። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ሌዘሩ ሲያርፍበት ካርቦኑ ይተንና ፊት ለፊቱ ባለው ገበታ ላይ ስስ ሆኖ ይለበጣል፤ ሙቀቱና ጋዙ ከተስማማውም ከፀጉር በሺህ እጥፍ የቀጠነ ቡቃያ ያበቅላል። በዚያ ስስ ልብጥ የአብደራፊ መጋዘኖች ሰሊጥ ሳይሻግት እርጥበቱን ቀድሞ የሚናገር መሣሪያ ልሠራ አስቤ ነበር። ወረፋዬ ሰኞ ነው፤ ካለፈኝ ሌላ እንደማይሰጡኝ ነግረውኛል።

ቅሬታዬን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩. ከምን እንደተሠራ ሲጠይቁኝ “ከካርቦን ነው፣ እንደ ከሰል ማለት ነው” ማለቴ የራሴ ጥፋት ነው። ዩኒቨርሲቲው ነገር አቅልላችሁ አስረዱ ብሎ ሲያስተምረን ኬላ ላይ ግን እንዳትሞክሩት ማለት ነበረበት።

፪. ከሰልነቱን ለማረጋገጥ ምድጃ ውስጥ እንደከተቱት ሻይ የሚያፈሉልዎ እትዬ አገኘሽ ነገሩኝ። “ልጄ፣ ያንተ ከሰል አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ አያሞቅም፤ ማን ሸወደህ?” ብለው አዘኑልኝ። አለመንደዱን ሲያዩ ከሰል አይደለም ይላሉ ብዬ ስጠብቅ “ጥራቱ የወረደ ከሰል” ብለው መወሰንዎን ሰማሁ። ለዚህ የምርምር ጽናትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫. የደን ፈቃድ አምጣ ባሉኝ መሠረት የደን ባለሙያው አቶ አዛናው ዘንድ ሄጄ ነበር። የቱን ዛፍ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደቆረጥሁ ጠየቁኝ። እስካሁን መልስ እየፈለግሁ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከነአመዱ ቢመልሱልኝ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጸዳዋለሁ። የአብዱልሀኪም ሚኒባስ እሑድ ጠዋት ይነሣል፤ ከፈለጉም አብረውኝ ይምጡና ሌዘሩ ሲመታው በዓይንዎ ይዩ፣ ቦታ ይዤልዎታለሁ። እስከ ቅዳሜ መልስዎን በኬላው በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ትዕግሥትን በኬላዎ የተማርሁት፣
የፊዚክስ ምሩቅ ዘመነ አበባው፣ ከሽንፋ
ኅዳር ፳፻፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለጆሮዎ ብቻ፦ ዕቃዬን መዝገብ ላይ “ከሰል” ብለው ያሰፈሩባት እርሳስ እምብርቷ ግራፋይት፣ ልብሷ እንጨት ነው። ጆሮዎ ላይ ሰክተዋት በኬላው ወዲያና ወዲህ ሲሉ የደን ፈቃዷን የጠየቀዎ የለም። እኔም ለማንም አልተናገርሁም።