ዶና የወሰደችው ምንጣፍ

ጋሼ ዛልማይ፣

ወደ ሥራ መውጣቴ ነው። ሩዙን ሲያሞቁ ምድጃውን ማጥፋት እንዳይረሱ።

ትናንት ከበጎ አድራጎት ድርጅቱ አልጋ ያመጣችልን ዶና፣ ባለቤትዎ የሠሩትን ምንጣፍ ስታደንቅ፣ እርስዎ በአገራችን በሄራት ወግ፣ ለአክብሮት ያህል «የአንቺ ይሁን» አሏት። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ። እዚህ አሜሪካ፣ ኦማሃ፣ ሰው ሲሰጡት ይወስዳል፤ ይህን ለእርስዎ፣ የእኛን ወግ ደግሞ ለእሷ መንገር የእኔ ፋንታ ነበር። ዛሬ ጠዋት ባዶው ወለል ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ሳይዎት አላስቻለኝም።

ደወልኩላት። «እኔ እኮ እምቢ ብል ይቀየማል ብዬ ነው፤ ቤቴ ማንጠፊያ ቦታ እንኳ የለኝም» ብላ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ትመልሰዋለች።

እርስዎ እንደገና «ውሰጂው» ማለትዎ ስለማይቀር፣ ሦስት ጊዜ እምቢ እንድትል አስተምሬያታለሁ።

እባክዎ፣ አራተኛ እንዳይጨምሩ።

ሳሚም