የሕመሜ ምክንያት እንዳይደበቅ የተናዘዝኩት

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሰኔ፣ በደረት ክሊኒኩ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ፣ ሐኪሙ ከቅጹ ላይ ቀና ሳይል «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ጊዜ ነው። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ቦርሳዬን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል። በሸሚዙ ኪስ ውስጥ የራሱ የሲጋራ ፓኮ ቅርጹ ይታያል። «አላጨስም» አልኩ። ሐኪሙ ምልክት አደረገ። በዚያ ምልክት ምክንያት አምስት ወር ሙሉ የአስም መድኃኒት ስስብ ከረምኩ፤ ዕጢው ደግሞ የራሱን ሥራ ሲሠራ ከረመ።

ይህን ያስቀደምኩት ኑዛዜ በምን እንደሚጀመር ጠፍቶኝ አይደለም። የተማርኩት ሕግ ነው። ዛሬ ሐሙስ መጋቢት 14 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ሆኜ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ አእምሮዬ ሙሉ እንደሆነ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን እሰጣለሁ። «በመድኃኒት ናውዛ ነው የተናገረችው» የሚል እንዳይኖር የጠዋቱን ማስታገሻ አልወሰድኩም። ቃሌን የሚጽፈው የውል አዋዋይ ነው። ምስክሮቼ ነርሷና ልብስ ሰፊዋ አከራዬ ናቸው። እናቴና ታናሽ እህቴ ሚጡ በክፍሉ ውስጥ አሉ። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል፤ አልገባም፣ አልሄደምም።

የምናገረውን ብቻ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ የሚባለውንም እንዲጽፍ ጸሐፊውን ጠይቄዋለሁ። «የተለመደ አይደለም» አለ። «እኔም መሞት አልለመድኩም» አልኩት። እየጻፈ ነው።

ለዚህ ኑዛዜ ያጣደፈኝ ሞት አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ሚጡ ልትጠይቀኝ ቀይ ጃኬት ለብሳ መጣች። ጀርባው ላይ ያለውን የሲጋራ ኩባንያ ምልክት ዐውቀዋለሁ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እኔም በእሷ ዕድሜ ለብሼው በየኮሌጁ በር ሲጋራ አስቀምሻለሁ። «ሥራ አገኘሁ እኮ! ሰኞ ሳምንት እጀምራለሁ። አንቺ የሠራሽበት ነው፤ አይገርምሽም?» አለችኝ። እናቴ እግርጌዬ ቆማ ዓይኗን አጠበበችብኝ። ዝም በይ ማለቷ ነው። ሚጡ የምታውቀው ሳንባዬን ብርድ እንደመታው ነው። እንዲያ ብለው የነገሯት ወላጆቼ ናቸው፤ እኔም አላስተባበልኩም። ያ ሰኞ የፊታችን ሰኞ ነው። ስለዚህ ዛሬ እዚህ ተቀምጣ ትስማ።

አንደኛ። ያመመኝ ብርድ አይደለም፣ የሳንባ ካንሰር ነው። የመጣውም ከማጨስ ነው። ስሞት ለጠየቀ ሁሉ ይኸው ይነገረው።

እናቴ፦ «ኧረ በፈጠረሽ! ይሄም ይጻፋል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ብሏል፣ እማዬ። አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽው።»

«ሴት ልጅ አጨሰች ሲባል…»

«አባባ ሲያጨስስ?»

«እሱማ ወንድ ነው» አለች። ከዚያ የተናገረችው ለራሷም የተሰማት መሰለኝ፣ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ ማስተካከል ጀመረች። ሚጡ ጃኬቱን አሁንም እንደለበሰች ነው።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ ገባችበት፦ «አራት ዓመት ሙሉ መታጠቢያ ቤቱ የሚሸተው ከጎረቤት ገብቶ ነው ስትይኝ አምኜሽ ነበር።»

«አላመንሽኝም፣ እትዬ።»

«አላመንኩሽም» አለች።

ሐኪሙን አልከስም። እውነቱን በስድስተኛው ወር ለነርሷ ነገርኳት፤ በማግሥቱ እሱ መጥቶ «ታዲያ በራስሽ ላይ ነዋ የሠራሽው» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሲያናግረኝ የሚያየው መዝገቡን ነው። ለእሱ የምተውለት ምክር ብቻ ነው፤ ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ አባትየውን ያስወጣ። ብቻዬን ብጠየቅ እናገር ነበር።

ሁለተኛ። መጻሕፍቴ፣ ጠረጴዛዬና ላፕቶፔ የሚጡ ናቸው። ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ። ሰኞ ሥራ ብትገባም የእሷ ናቸው። ውርስ ማስፈራሪያ ሲሆን በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ እኔ አላደርገውም።

ሦስተኛ። በቁም ሣጥኔ ታች ያለው አንድ ቀይ ጃኬት፣ ከሥሩ ያለው የሥልጠና ደብተሬና የፈረምኩት ውል አብሮኝ ለተማረው ጠበቃ ይሰጡ። እኛ «ዳኛው» ነው የምንለው። ማስረጃ ናቸው፤ አይቃጠሉ፣ አይጣሉ። ደብተሩ ላይ በራሴ የእጅ ጽሑፍ የቡድን መሪያችን ቃል አለ፦ «ዕድሜ አትጠይቁ። ‹ስንተኛ ዓመት ነሽ?› በሏት፣ ደስ ይላታል። የእንጆሪ ጣዕም ያለውን አስቀድሙ። ለብቻዋ አታጭስ፤ አብራችኋት ለኩሱ።» እኔ ከዚያ በፊት አጭሼ አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ከሰው ጋር አብሬ ለኮስኩ። ደሞዙ ላይ ጨመሩልኝ፤ ፈገግታሽ ጥሩ ነው አሉ።

ውሉን አንብቤ ነው የፈረምኩት። የሕግ ተማሪ ሆኜ እንከን አላገኘሁበትም። «ወኪል» ይላል እንጂ «ሠራተኛ» አይልም። መታመሜን ስጽፍላቸው ሁለት መስመር መለሱልኝ፦ በመዝገባችን እንደዚህ ያለ ሠራተኛ የለም፤ ምሕረቱን ይላክልሽ።

«ቡድን መሪዋ እኮ ዛሬም እሷው ናት፤ ጥሩ ሰው ናት» አለች ሚጡ። በዚህ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሯ ነው።

«ናት። ለእኔም ጥሩ ነበረች። የኔ ቆንጆ ነበር የምትለኝ።»

«እኔንም እንደዛ ነው የምትለኝ።»

አራተኛ። ዕዳ። አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን አላውቅም። የኮሌጁ በር ላይ፣ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ከእጄ የመጀመሪያዋን ተቀበለች። ሳለች። «ጉሮሮዬን አቃጠለኝ» አለች። «ሦስተኛው ላይ ይለምድልሻል» አልኳት። ለሌሎቹም ብያለሁ፤ እሷን ብቻ ግን አስታውሳለሁ፣ አመሰግናለሁ ስላለችኝ። ይህን ዕዳ የምከፍልበት የለኝም። ከንብረቴ ጋር እንዲቆጠር ብቻ እፈልጋለሁ።

ጸጸት ይሰማኝ እንደሆነ ነርሷ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እውነቱን ላስመዝግብ፤ ምንም አይሰማኝም። ስለ ሌላ ሰው እንደማወራ ነው። ሦስት ጊዜ ለመተው ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሻለሁ። ዕጢው ከታወቀ በኋላም፣ የሆስፒታሉ የልብስ ማስጫ ላይ፣ በአንሶላዎቹ መሀል ቆሜ አጭሻለሁ። አሁን አንድ ሰው ቢሰጠኝ እቀበላለሁ። ይህን የምለው ሚጡ «እኔ አልለምደውም» እንዳትል ነው።

አምስተኛ። ለማክሰኞ የደረት ራጅ ቀጠሮ ተይዞልኛል። አልጠቀምበትም። ለአባቴ ይሁን።

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። «ቀጠሮ እኮ አይወረስም!»

ጸሐፊውም «በሕጉ እንደሱ የሚል ያለ አይመስለኝም» አለ።

«የለም። ጠይቂለት ታዲያ» ነርሷን አልኳት።

«እጠይቃለሁ።»

ኮሪደሩ ውስጥ አባቴ ሳለ። የእሱን ሳል ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቀዋለሁ፤ ከሥራ መምጣቱን የምናውቀው በሱ ነበር። «አባባ፣ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት» አልኩት በበሩ በኩል። «ሰምቻለሁ» አለ። የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ለነርሷ ምስክር በመሆኗ ምንም ልናዘዝላት አልችልም። ሕጉ አይፈቅድም። የተናገርኩትን ምስጢር ስትሰማ ፊቷ ያልተለወጠ እሷ ብቻ መሆኗን ግን ማስጻፍ እችላለሁ፣ አስጽፌያለሁ።

ቃሌ እዚህ ላይ አልቆ ጸሐፊው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሚጡ እጇን አነሣች፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ተማሪ።

«አንድ ጃኬት ነው ያለው? ሁለት በለው።»

«የሰው ንብረት መናዘዝ አልችልም» አልኳት።

«ሰጥቼሻለሁ።» አውልቃ እግርጌዬ አስቀመጠችው። ቀጫጭን ክንዶቿ ወጡ፤ በርዷት ነበር። «ሰኞ እኮ ይጠብቁኛል» አለች።

«ይጠብቁዋ።»

በሦስተኛው ተራ «አንድ ቀይ ጃኬት» የሚለው «ሁለት» ተብሎ ታርሟል። እርማቱ በእኔ ፈቃድ የተደረገ ነው፤ ምስክሮቹም በጎኑ ፈርመዋል።

ልፈርም ብዕሩን ስቀበል እናቴ ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብላ በጆሮው «የኔ ልጅ፣ ያቺን አንዷን ቃል ብቻ… ‹በሕመም› ብለህ እለፋት» አለችው። ጸሐፊው እኔን አየኝ። እናቴን አልተቆጣኋትም። ‹ከማጨስ› የምትለዋ ቃል እንደማትለወጥ ነገርኳትና ፈረምኩ።

ተናዛዧ፦ ፈርሜያለሁ። ምስክሮች፦ ነርሷ፣ ልብስ ሰፊዋ፤ ሲነገርም ሲነበብም ሰምተን ፈርመናል። ጸሐፊ፦ እንደተነገረኝ ጽፌያለሁ።

ከፊርማዬ በታች በራሴ እጅ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ በሕይወት ሳለሁም ሆነ ከሞትኩ በኋላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ በሹክሹክታ መነገሩን አልቀበልም።