የትንፋሽ ወንፈል

ሰኞ ኅዳር 5

ከዚህ ክፍል መውጣት አልቻልኩም። የጎማውን ቦርሳ መጭመቅ ካቆምን ታረቀኝ ይሞታል። አሁን ከጤና ትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ስለያዘልኝ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ ነው። በመንደራችን በድብ ባሕር ገብስ ሲያስጭን ሚስማር እግሩን ወጋው፤ ዘመዶች ቁስሉ ላይ ትኩስ ቅቤ አፍስሰው ተዉት። ከዚያ መንጋጋው ገጠመ፣ ወገቡ እንደ ቀስት ተቆለመመ። መንጋጋ ቆልፍ ነው። ጎንደር ሆስፒታል አመጣሁት።

ፈረንጁ ሐኪም በቁስል አጣቢው በድሬሰር ጌታሁን አስተርጓሚነት አስረዳኝ። በውጭ አገር በቅርቡ የተገኘ ዘዴ አለ፤ ጉሮሮ ተበስቶ ቱቦ ይገባል፣ ጡንቻውን በመርፌ ያላሉታል፣ ያኔ ትንፋሹ ስለሚቆም ሰው የጎማ ቦርሳ በእጁ እየጨመቀ ይተነፍስለታል። ሐኪሙ በመጽሔት አነበበው እንጂ ሠርቶት አያውቅም።

"ይድናል?" አልኩት።

"እዚያ አንዳንዶቹ ድነዋል። እኛ ማሽን የለንም። ሰው አምጣ።"

"አንዳንዶቹ" ሲለኝ ገበያ ላይ ቢሆን ዕቃውን አልገዛም ነበር። ሌላ ሻጭ ስለሌለ ተስማማሁ።

ማክሰኞ ኅዳር 6

ተማሪዎቹ ትምህርት አላቸው፤ ብዙ አያሳርፉኝም። ለንግድ ገዝቼ ደባርቅ የተውኩት ቆዳ ጨው አልነካውም። ይሽተት።

ዘመዶች ከድብ ባሕር በጭነት መኪና ደረሱ። እንደ በድን ተኝቶ ሲያዩት እህታችን ሙሾ ጀመረች። አጎታችን አያ ካሴ ደግሞ በሬውን ማን እንደሚወስድ ጠየቁ።

ጌታሁን፣ "ይሰማችኋል እኮ፤ መንቀሳቀስ ነው ያቃተው" አላቸው።

ታረቀኝን አየሁት፤ በዐይኑ ጥግ እንባ ወርዷል። እኔ ከዚህ ክፍል አልወጣም፣ እሱ ከገዛ አካሉ አይወጣም።

ረቡዕ ኅዳር 7

እጄ ደነዘዘ። አያ ካሴን ይተኩኝ አልኳቸው።

"ምነው፣ አንጥረኛ ልታደርገኝ ነው? ይህ ወናፍ እኮ ነው። በዘራችን ወናፍ የነካ የለም።"

ሌሎቹም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ሰብላቸው ስላልታጨደም ሊመለሱ ቸኩለዋል። ስለ ሕክምና ብከራከር አላተርፍም። በሚያውቁት ገባሁ።

"አምና ታረቀኝ ለአጨዳ አልወጣልዎትም?"

"ወጥቷል። ሸጋ አጫጅ ነው።"

"አንቱስ መለሱለት?"

ዐይናቸውን ወደ አልጋው መለሱ።

"ወንፈልዎን እዚህ ይመልሱ።"

ጋቢያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። የውቂያ ዘፈን እያንጎራጎሩ ሲጨምቁ ፈጠኑ።

"ቀስ ይበሉ አያ፣ በሬ እየነዱ አይደለም" አላቸው ጌታሁን።

እኔ ወለሉ ላይ ጋደም አልኩ። ወጥቼ አየር ማግኘት እችል ነበር። አልወጣሁም።

ዓርብ ኅዳር 23

ተራው አልተቋረጠም፤ አንዱ ለአጨዳ ሲሄድ አጭዶ የጨረሰው ይመጣል። መሐል ላይ የታረቀኝ ሳምባ ታሞ ነበር፣ ተሻለው።

ትናንት ጡንቻ የሚያላላውን መርፌ አቆሙ። ዛሬ ሐኪሙ በራሱ ይተነፍስ እንደሆነ እንይ፣ እጅህን አንሣ አለኝ። ሰማሁት፤ ጣቶቼ ግን ቦርሳውን አልለቅ አሉ። ጌታሁን አንድ በአንድ ፈለቀቃቸው።

ደረቱ ዝም አለ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ከዚያ ቱቦው ሲር አለ፣ ደረቱ ከፍ አለ። ቆይቶ ደግሞ አንዴ።

ሐኪሙ ቦርሳውን አልወሰደውም። መልሶ ጭኔ ላይ አኖረውና "ገና ነው፤ ሲደክም ትጨምቅለታለህ" አለ። ይህን የምጽፈው ዐይኔን ከደረቱ ሳላነሣ ነው፤ የጽሑፌ መስመርም ተጣሟል።