ጉርሻውን ማን አመጣው?

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ለፌርፋክስ ሕዝብ በሙሉ! በጥልቅ ሐዘን የሚነገር ዜና አለ... የኪልባራ እግር ኳስ ክለብ የቀድሞ በረኛ ጋሼ ወንድይፍራው ዛሬ ሽሮውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። በጾም! ሽሮ ጥሎ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ክለባችን የአይሪሾች ነው። በ1974 ዴክላን የሚባል ጣሪያ ሠሪ ከአገሩ ልጆች ጋር መሠረተው። አሁን ግማሾቻችን የዚህ የሐበሻ ሰፈር፣ የፌርፋክስ ልጆች ነን። ጸሐፊው ብሬንዳን የሃምሳ ዓመቱን ታሪክ ጽፎ፣ አሳትሞ፣ ከልምምድ በኋላ እትዬ ለተማርያም ምግብ ቤት ይዞልን መጣ። ሁሉም ራሱን ፍለጋ ገባ። እኔ ሦስት ቦታ አለሁ (ሁለቱ ቀይ ካርድ)። ጋሼ አንድ ቦታ፦ «በ1989 ስድስት ለዜሮ ስንሸነፍ በረኛው ወንድይፍራው ነበር።»

ከዚያ ገጽ አሥራ ዘጠኝ። «አዲስ ተጫዋች የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከአምበሉ እጅ ይጎርሳል። ይህን የቆየ የአይሪሽ ልማድ ያመጣልን መሥራቻችን ዴክላን ነው።»

ጉርሻ? የአይሪሽ?

ጋሼ መነጽሩን አጠፈ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሄደ።

እሑድ፣ ማርች 2

አራት ለአንድ ተሸነፍን። ከጎሉ ጀርባ ቆሞ የሚሰድበን ሰው የለማ! በረኛችን «ጋሼ ካልጮኸ ኳሷ አትታየኝም» ይላል። ዓይን የለህም ወንድሜ?

ጉርሻውን ጋሼ እንደጀመረው ፌርፋክስ በሙሉ ያውቃል። ያኔ ስድስቱ የገቡ ቀን ጋሼ ቡድኑን በታክሲው እያመላለሰ እትዬ ምግብ ቤት አመጣው። በራሱ ጎል ያስገባው አይሪሽ ተከላካይ አልበላም ብሎ ግድግዳ ሲያይ፣ ጋሼ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ከተተለት። ልጁ አለቀሰ። በርበሬው ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የመጣ ሁሉ ይጎርሳል።

ብሬንዳን ከቦስተን የመጣው ኋላ ነው፣ አላየም። ዴክላን ሞቷል። ሶ... ማን ነገረው?

እኔ።

ኦክቶበር ላይ «ይቺ ነገር ከየት መጣች?» አለኝ። «ከዴክላን መንደር። እዚያ ሙሽራ እንኳ እንዲህ ነው የሚጎርሰው» አልኩት። ይስቃል ብዬ እኮ ነው! እሱ እስክሪፕቶ አወጣ። ሃያ ስምንት ዓመት እንጀራ ሲቆርስ የኖረ ሰው ትንሽ አይጠረጥርም?

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ጋሼን ፒኮ መንገድ ላይ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ተቀየምክ እንዴ?»

«እኔ? በምን?»

«ታዲያ እሑድ ለምን ቀረህ?»

«ጉልበቴን አሞኛል።»

«በጉልበትህ ነው እንዴ የምትጮኸው?»

«መስኮቱን ልዘጋ ነው። እጅህን።»

ያልተቀየመ ሰው እንዲህ ነው! አቤት...

ሐሙስ፣ ማርች 6

እትዬ ለተማርያም «ሽማግሌ ይላክ» አለች። ለሽሮ? «ዝም በል! ይሄን ሁሉ ዘመን ያገለገለ ሰው በስድስት ጎል ብቻ ይጻፍ?» አንዷ ሽማግሌ ራሷ። ሁለተኛው... ብሬንዳን! በዳዩ! «ሌላ ሽበት ከየት ላምጣልህ?» አለች። ሾፌሩ እኔ።

ለብሬንዳን እውነቱን ነገ እነግረዋለሁ።

ዓርብ፣ ማርች 7

አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

እትዬ መኪና ውስጥ ብሬንዳንን አስጠናችው፦ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምነው። ሰውዬው ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዳሌው በኦፕራሲዮን የተቀየረ። የነገሩትን ሁሉ ያምናል አላልኩም?

«ተቀመጥ» አለው ጋሼ ቤቱ ስንገባ።

«ኖ።»

«ተቀመጥ እንጂ!»

«ኖ ሰር።»

ሃያ ደቂቃ! ግድግዳ እንኳ አልያዘም። በመጨረሻ ጋሼ «ሆን ብለህ ነው ያጠፋኸኝ?» አለው። ብሬንዳን ፊቱ ቀላ። «የሰማሁትን ጻፍኩ። ከማን እንደሰማሁ ግን አልናገርም።» ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። ምናለ ቢያሳጣኝ!

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ?»

«ለቀልድ ነበር ጋሼ። በአንተ አይደለም፣ በብሬንዳን ነው የቀለድኩት።»

«ብሬንዳንማ መጽሐፉ ውስጥ አለ። የወጣሁት እኔ ነኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኩ። እኔ! ድምፄ ራሱ የእኔ አልመሰለኝም። ጋሼ «ይሁን እሺ» ብሎ ወንበር ስቦ ብሬንዳንን በእጁ አስቀመጠው። ፍርዱ፦ መጽሐፉ ታትሟል፣ ሶ በሁለት መቶው ቅጂ ላይ ማረሚያ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ሙጫ። ጣቶቼ ተጣብቀዋል። ማረሚያውን ጋሼ በስልክ አስጻፈኝ፣ ሁለት ገጽ ሆነ። እትዬ ቆረጠችው። ብሬንዳን ቆረጠው። የተረፈው፦ «ጉርሻውን በ1989 የጀመረው በረኛችን ወንድይፍራው ነው።»

ቅዳሜ፣ ማርች 15

የሃምሳ ዓመቱ እራት። ገጽ አሥራ ዘጠኝን የገለጠ አንድ ሰው የለም! ጋሼ ራሱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ገለጠላቸው። ነገ ሜዳ ይመጣል። ከዛሬው ግራ እግሬን መስደብ ጀምሯል።

አንድ አዲስ ልጅ ማሊያችን ላይ ያለው ወፍ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ምላሴ ላይ ሦስት ውሸት መጣ። አንዱማ... ኧረ እንዴት ያለ! «አላውቅም፣ ጋሼን ጠይቅ» አልኩት።

ቆይ ግን... ይሄ ሁሉ ሽምግልና፣ ይሄ ሁሉ ሙጫ፣ ለአንዲት መስመር? እውነቱን ልናገር? ይህን ያህል ነገር አልነበረም።