ኮፈን የሌላት መኪና

ናዝሬት፣ ግንቦት 1982

ውድ ቀነዓ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሣሁና እጄ እምቢ አለኝ። ሌላ ጊዜ እንዲያ ነበር የምጀምርልህ። ዛሬ ግን ማንም በአፉ ያልነገረኝን ነገር አውቄ ቁጭ ብያለሁ። ነገ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ የእድሩ ዳኛ አቶ አብተው ሽማግሌዎቹን አስከትለው በሬን ያንኳኳሉ፤ ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይቆማሉ። እስከዚያ ድረስ ባል ያላት ሴት ነኝ። በቀረችኝ ጊዜ ከባሌ ጋር ልጫወት ብዬ ነው የምጽፈው።

እንዴት አወቅሽ እንዳትለኝ። መርዶ የሚደበቀው ከባለቤቱ ብቻ ነው፤ ደባቂው ግን ሰፈሩ ሁሉ ስለሆነ መደበቁ ራሱ ይናገራል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ያቺ ልጇን የምትድረው ሴትዮ ሠራተኛዋን ልካ ልሰፋላት የሰጠችኝን፣ ገና ያልተቆረጠ ጨርቋን አስወሰደች። ሐሳብ ቀይረናል ተባልኩ። እሺ አልኩ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌሎች መጡ። በየቀኑ «ደረሰ ወይ?» እያሉ የሚነዘንዙኝ ሴቶች ዓይኔን ሳያዩ ጨርቃቸውን አጣጥፈው ሄዱ። ሰፊዋ ለቅሶ ልትቀመጥ ነውና ጨርቃችን አብሯት እንዳይቀመጥ ማለታቸው ነው። አልፈርድባቸውም፤ የሠርጉ ቀን ተቆርጧል፣ ሙሽራም ራቁቷን አትዳርም።

ቀጥሎ ዘርፉ መጣች። ጎረቤታችንን ታውቃታለህ፣ አንድ ጭብጥ ጨው ብትሰጠኝ እስከ ፋሲካ የምታነሣብኝ ሴት ናት። ዛሬ ቅቤ የጠገበ ሽሮ በትሪ ይዛ ገባች። «ብይ እንጂ፤ ምነው እንደ ወፍ ትለቅሚያለሽ» እያለች እስክጨርስ ከፊቴ አልተነሣችም። መርዶ የሚረዳ ሰው ባዶ ሆዱን እንዳይሆን ቀድሞ ማብላት ነው ደንቡ፤ እኔም ለስንቱ እንዲሁ ሳበላ ኖሬአለሁ። አጎንብሼ በላሁ። ትሪውን ስታነሣ በጠርዙ ገፍታ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሿን መኪናችንን ልትጥላት ምንም አልቀራት።

«ይቺን ነገር ዛሬም አልጨረስሻትም?» አለችኝ፣ ሌላ የምትለው ስትፈልግ።

«ዛሬ እጨርሳታለሁ» አልኳት።

ትዝ ይልሃል ስትመጣ? ኑሬ በባቡር ሥራው ጅቡቲ ሲሄድ አንተ ያዘዝከው የቀለም መርጫ ነበር። እሱ ግን በሸሚዙ የጠቀለለ ካርቶን ይዞ መጣ። «የመኪና ነገር ያልከኝ መስሎኝ» አለህ፣ ምንም ሳያፍር። ካርቶኑ ላይ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የጣልያን የስፖርት መኪና ተሥላለች፤ ጽሑፉ የጃፓን ነው፣ ከሥዕሉ በቀር የሚነበብ የለውም። ስትከፍተው ውስጡ መኪና የለም። የበር፣ የመሪ፣ የቸርኬ፣ የማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ ቁርጥራጭ ከፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሏል። እኔ ተቆጣሁ። ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል ወይ አልኩህ።

«አሻንጉሊት አይደለችም» አልከኝ። «ገና ያልተሠራች መኪና ናት።»

ዕድሜህን ሙሉ የሰው የጭነት መኪና፣ የመሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ስትቀባ ኖረህ፣ ያንተ የምትላት ብቸኛዋ መኪና በመዳፍህ የምትገባ ሆነች። ጥፍር መቁረጫዬን ወሰድክ። ወረንጦዬን ወሰድክ። እያንዳንዷን ክፍል ከዘንጉ ቆርጠህ፣ የቀረውን ጉጥ በብርጭቆ ወረቀት አልሰህ፣ በጥርስህ ይዘህ ታያት ነበር። በጥርስ ምን እንደሚታይ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ ያ የኮፈኑ ጉድ መጣ። «ናዝሬት ውስጥ ከኔ በላይ ቀለም የሚያውቅ ካለ ይምጣ» አልክና ከጋራዡ የመኪና ቀለም አምጥተህ በቲነር አቅጥነህ ነፋህበት። መጀመሪያ አበራ። «ነይ እዪ፣ ነይ እዪ» ብለህ ጠራኸኝ። እስክመጣ ድረስ ኮፈኑ ጠርዙ ተጠቅልሎ፣ መሐሉ ተጨማድዶ፣ እሳት ላይ እንደወደቀ ቆዳ ሆኗል። ለብረት የሚሆን ቲነር ፕላስቲክ እንደሚበላ ከየት ታውቃለህ? በሕይወትህ የቀባኸው ብረት ብቻ ነው። ይህን ስህተት ቀለም የማያውቅ ሰው አይሠራውም፤ ጎበዝ ቀቢ ነው የሚሠራው። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አንተ እራት እስኪቀርብ አኩርፈህ ቆየህ፣ ከዚያ ጉርሻህን ይዘህ ድንገት፦

«ይሁን። ኮፈን ከሌላት ሞተሯ ሁልጊዜ ይታያል ማለት ነው። እንግዲህ ሞተሯ ማማር አለበት። እሱን የሚችለው ያንቺ መርፌ ነው» አልክ።

በእንደዚህ ያለ ብልሃት ነው እኔንም የከተትከኝ። ገላዋን አንተ በዘይት ቀለም፣ ፕላስቲክ በማይበላው አኳራጅ አቅጥነህ፣ አንዱ እጅ ሳይደርቅ ሌላውን ሳትደርብ፣ በቀጭን ብሩሽ ቀባሃት። መጨረሻ ላይ በጥርስ ሳሙና ወለወልካትና ፊቴ ታየኝ። እኔ የካንዴላዎቹን ገመዶች በሰም ካደነደንኩት ጥቁር ክር ሠራሁ። የወንበሮቹን ቀበቶ ከኮት ፎደራ ቆረጥኩ፣ ወለሏን ከተረፈ ከፋይ አነጠፍኩ። አንተ ከበላይ ሆነህ፦ «ሦስተኛው ገመድ ተጣሟል፣ ፍቺው።» «ማን ሊያየው ነው?» «እኔ።» አቤት እንዴት ትነዘንዘኝ ነበር፤ እኔ ግን ከተጋባን ወዲህ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያን ጊዜ አልነገርኩህም። የሚነገር ነገር መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ጎማዎቿና መስታወቶቿ ብቻ ሲቀሩ ነው እሑድ ሶደሬ እንሂድ ያልከው። ከከተማው እንደወጣን ኬላው ላይ የታጠቁት አውቶቡሱን አስቆሙት። «ወንድ በሙሉ ይውረድ።» ሽማግሌዎቹን መለሷቸው፣ እናንተን አስቀሩ። ፎጣህ ወንበሩ ላይ ቀረ። በመስኮት ስር መጥተህ ያልከኝ፦ «የቀለሙን ክዳን አጥብቀሽ ግጠሚው፣ እንዳይደርቅ። ማታ እመጣለሁ።» እኔም እሺ አልኩህ። ሌላ ምንም አልተባባልንም። ሹፌሩ ፈርቶ ነዳው፤ አውርደኝ ብዬው አልሰማኝም። ሶደሬ ወርጄ ፍል ውሃው ዳር ልብሴን ሳላወልቅ፣ ፎጣህን ታቅፌ፣ መመለሻ እስካገኝ ተቀመጥኩ። ሰዉ ይዋኛል፣ ይስቃል። ማንም አልጠየቀኝም።

ቀበሌ ሄጄ ብጠይቅ እናት አገር ጠርታዋለች፣ ኩሪ አሉኝ። ከአስመራ የላክሃት አንዲት ደብዳቤ ደረሰችኝ፤ ጤናዬን በአንድ መስመር ጠይቀህ የቀረውን ስለ ጎማዎቹ ጻፍክ። መለስኩልህ፣ ደግሜም መለስኩልህ። ምጽዋ ተያዘች የሚለው ወሬ ከተሰማ ወዲህ ግን ከአንተ ምንም የለም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሆን ብዬ አዘገየኋት። አንድ ጎማ ገጥሜ ሳምንታት እተዋታለሁ። ካለቀች የምትመለስበት ምክንያት የሚያልቅ መሰለኝ፤ ሞኝነት መሆኑን እያወቅሁ። ዛሬ ዘርፉ ትሪዋን ይዛ ስትወጣ ግን ተቻኮልኩ። አንተ ለእኔ በሕይወት እያለህ ልጨርሳት ፈለግሁ። ነገ ከነገሩኝ በኋላ የሟች ዕቃ ትሆናለች፤ የሟች ዕቃ ደግሞ ይቀመጣል እንጂ አይሠራም። የቀሩትን ጎማዎች ገጠምኩ። ለመስታወቶቿ ከሲጋራ ፓኮ ብርማውን ወረቀት ቆርጬ ለጠፍኩ። በሯ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር ውሃ ውስጥ ስነክረው አርጅቶ ኖሮ ተበጣጠሰ፤ ስለዚህ ቁጥር የላትም።

አለቀች። ስጨርስ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ነበር፣ ልቅሶም ቢሆን። ምንም የለም። ቆንጆ ናት፣ የትም አትሄድም። እንኳን አንተን ልታመጣ፣ እኔንም ከዚህ ወንበር አላነሣችኝም።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ፊርማዬን ላኖር ስል የጓሮው በር ተንኳኳና ከፈትኩት።

እናትህ ናቸው። አዮ፣ ከቡልቡላ፣ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ፣ ሻሻቸው ተንሸራቶ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት ነሽ ልጄ? ታማለች አሉኝ እኮ» አሉ። «ምራትሽ አልጋ ይዛለች፣ ቶሎ ነይ ብለው ላኩብኝ። ስመጣ ደግሞ ያቺ ጎረቤትሽ ቤቷ አስገብታኝ፣ ተኝታለች፣ ጠዋት ታይዋታለሽ ትለኛለች። ልጄ ታማ እኔ እዚያ ምን እተኛለሁ ብዬ በጓሮ መጣሁ።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሙሉ ጤነኛ፣ ጣቶቼ በሙጫና በቀይ ቀለም ተለውሰው። አዮ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እኔ ካልታመምኩ እሳቸውን ከቡልቡላ ድረስ የሚያስመጣ ሌላ ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ፊታቸው ላይ ሲደርስ አየሁት፤ መጀመሪያ ግንባራቸው፣ ከዚያ አፋቸው። እነ ዘርፉ ጠዋት በሽማግሌ፣ በወግ፣ ደግፈው ሊነግሯቸው ያሰቡትን፣ እኔ በጤንነቴ ነገርኳቸው።

ምን ላድርግ ቀነዓ? አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቀረን። የእኔ ከእጄ ወጥቷል፤ የሳቸውን ላተርፍ ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ።

«እውነታቸውን ነው አዮ፣ ራሴን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ይፈልጠኛል። አሁን ለውሃ ነው የተነሣሁት» አልኩ።

ቀርበው መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ አኖሩ። ግንባሬ ቀዝቃዛ ነው፤ እኔው ራሴ ይታወቀኛል። መዳፋቸው ረጅም ጊዜ እዚያው ቆየ።

«እሳት ነው» አሉ። «ትኩሳት አለሽ። ምነው ብቻሽን ቆምሽ?»

ያን ጊዜ እንዳወቁ አወቅሁ። እጄን ይዘው አልጋው ላይ አስተኙኝ፣ ጫማዬን አወለቁልኝ፣ በብርድ ልብሱ እስከ አንገቴ ሸፈኑኝ። በግንቦት ሙቀት ላቤ እየተንቆረቆረ እንደ በሽተኛ አቃሰትኩ። ፎጣ ነክረው ራሴ ላይ አደረጉ። በጣም ጥሩ አስታማሚ ናቸው።

«ተኚ ልጄ፣ ነገ ይሻልሻል» አሉኝ።

«አሜን» አልኳቸው።

አሁን ትራሱን ደገፍ ብዬ ነው የምጽፍልህ፣ ገና አልጨለመም። አዮ እግሬ ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ይቆጥራሉ። በመስኮቱ የእድሩ ወጣቶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ወደ ዘርፉ ግቢ ሲገቡ ይታያል። ሁለታችንም ወደዚያ አናይም።

«ምን ትጽፊያለሽ?» አሉኝ ቅድም።

«ደብዳቤ።»

«ለሱ?»

«ለሱ።»

የነጠላቸውን ጫፍ ለቀቁ። «እኔንም ጨምሪኝ» አሉ። «እናትህ ሰላም ብላሃለች በይው። ደህና ናት በይው፣ እንዳያስብ።»

እናትህ ሰላም ብላሃለች፣ ቀነዓ። ደህና ናት። እኔም ትንሽ ራሴን ነው እንጂ ደህና ነኝ። እንዳታስብ።

ሚስትህ ሸዋወርቅ